ሥሯን ያየሁባት ወይራ

እሑድ፣ መስከረም 9 ቀን 1958

ከቅዳሴ መልስ ምሳ በላን። አዛናው ራዲዮኑን ሲነካካ ዋለ፤ ባሌ ይህን ራዲዮ አንድ ቀን ይገድለዋል።

ማታ ላይ የንስሐ አባታችን መምሬ ወልደ ዮሐንስ ብቅ አሉ። እኔ ያችኑ ጥያቄዬን አነሣሁ... በሰማንያ ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆነን፤ መቼ ነው የምንቆርበው?

አዛናው አንገቱን ደፋ። «አባቴ ቆርቦ ነው እናቴን የፈታት። እኔም ባፈርስስ?»

መምሬ አልተቆጡም። «እንግዲያው ከቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ወይራ ሥር አንድ ችግኝ ነቅላችሁ እዚያው ከቅጥሩ ውስጥ ትከሉ። በጋውን ከተሻገረች ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

ወይራ! ምነው ባሕር ዛፍ ባሉን?

ረቡዕ፣ መስከረም 12

ተከልናት! እሱ ቆፈረ፣ እኔ አፈር መለስሁ። ቁመቷ ስንዝር።

ኅዳር 20

አሁንም ስንዝር። ከምንጭ ውሃ እየተሸከምን ትከሻችን ተላጠ። አንዲት አዲስ ቅጠል እንኳ የለም!

«ለቁርባኑ ቆረጥህ ወይ?» አልሁት።

«ተይኝ እስቲ፣ ባንቺአየሁ።»

ሞታ ይሆን? የእሱስ ልብ?

ጥር 14

ጉድ ሠራሁ! አላስቻለኝም፤ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ ሄጄ ዙሪያዋን በማንኪያ ፈለፈልሁ። ሥር! ከቁመቷ የሚበልጥ ሥር! ጮህሁ።

መምሬ ሮጠው መጡ። «እባብ ነው?»

«አይ አባ፣ ሥር አላት!»

መጀመሪያ ሣቁ። ኋላ ግን ኮስተር አሉ። «ሥሯን በጥሰሽባታል እኮ ልጄ። ባልሽንም እንዲህ እየቆፈርሽ ነው የምታዪው?»

አፈሩን መለስሁ። ብትደርቅስ? በኔ ችኮላ?

ጥር 21

ጠወለገች። ለአዛናው ነገርሁት። ይቆጣል ስል ባልዲውን አንሥቶ ወጣ።

ከዛሬ ጀምሮ ስለ ቁርባን ትንፍሽ አልልም። እግዚአብሔር ምላሴን ያዝልኝ! መቼም ለኔ ይህ ከጾም ይከብዳል።

መጋቢት 10

አዛናው ሳይቀሰቅሰኝ ሊነጋጋ ሲል ይወጣል። ዛሬ ተከተልሁት። ውሃውን አጠጣ... ወደ ቤት ሲመለስ አገኘዋለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ ኪዳን ሊያስደርስ ገባ። ማንም ሳይጎትተው!

ሮጬ ተመልሼ ተኛሁ። ሲመጣ የተኛሁ መሰልሁ።

ግንቦት 2

ዝናብ! ሁለት አዲስ ቅጠል! ለምለም፣ የሚያብረቀርቅ! ጭቃው ውስጥ ተንበረከክሁ፤ ቀሚሴ ይበላሽ።

አዛናው አጠገቤ ቁጢጥ አለ። «ለመምሬ አንቺ ትነግሪያለሽ ወይስ እኔ?»

«ምኑን?»

«እንድንቆርብ ነዋ።»

በጭቃ እጄ አንገቱ ላይ ተጠመጠምሁ! በኋላ «ፍርሃትህስ?» አልሁት።

«አለ። ግን አንድም ቀን የበጋውን ውሃ ሁሉ ባንዴ አልተሸከምሁም። የዕለቱን ብቻ ነው። እንዲያ ከሆነ እችላለሁ።»

ይህን ሁሉ በልቡ ይዞ ነበር? እኔ ሥር ፍለጋ አፈር ስጭር!

እሑድ፣ ግንቦት 21

ቆረብን! ቆረብን!

አፋችንን በነጠላ ሸፍነን ጎን ለጎን ወደ ቤት መጣን። ገና መናገር የለም። ደስታው ሊያፈነዳኝ ስለሆነ ይህን ልጽፍ ተቀመጥሁ። አዛናው በዐይኑ ይስቅብኛል... ብዕሬን ሊቀማኝ ነው!

ዛሬን ይዤሻለሁ። ነገም በጠዋት እነሣለሁ። አዛናው።

ማን ማስታወሻዬን ንካ አለው? ይሁን፤ አልሰርዘውም።