ስለ ዳዲ ስካር

ውድ ኢዮሲያስ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በስድብ ስለማይጀመር ብቻ ነው። እሑድ ዋይት ሴንተር ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያን፣ ዩኒቨርሲቲ ለሚያመለክቱ ልጆች ስትናገር ሰማሁህ። ልጃችን ሐሴት አጠገቤ ነበረች፤ ከአባቷ ንግግር አንድም ቃል እንዳያመልጣት የስልኳን ቪዲዮ ለአፍታ እንኳ አላቋረጠችም።

ስለ ጀርመኑ ሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ስታወራ እስከ ግማሹ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ሄግል ያስተማረበት፣ ቡንሰን የተመራመረበት፣ ማክስ ዌበር የተማረበት አልክ። እውነት ነው። አንተም ዶክትሬትህን እዚያ በላብህ አግኝተሃል፤ አልክድህም። ከዚያ ግን ጉንጭህን እየዳሰስክ፣ «ዌበር በተማሪነቱ ከጎራዴ ግጥሚያ ጠባሳ ተርፎት ነበር። ይቺ ደግሞ የኔዋ ናት፤ ሃይደልበርግ ያተመብኝ» አልክ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ፓስተር አዲስአለም «ወይ ጉድ» እያሉ ጉንጭህን ሊያዩ ተጠጉ። እኔ እዚያው ተቀምጬ እያየኸኝ፣ ዓይንህን በጨው አጥበህ።

ያን ጠባሳ ያተመብህ የቆርቆሮ መክፈቻ ነው። ቡሪየን በነበረው ቤታችን የቲማቲም ድልህ ልከፍት ስል ጠጥተህ ገባህ፤ አንገቴን አነቅከኝ፤ በእጄ በነበረው ሰነዘርኩ። ሆስፒታል ስንደርስ «ከደረጃ ወደቅኩ» አልክ። ሐሴት ሕፃን ስለነበረች፣ አባቷን እንዳትጠላ ብዬ እስካሁን ዝም አልኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቤት እንደገባን ሐሴት ላፕቶፗን ከፈተች።

«ማሚ፣ የኮሌጅ ኤሴዬን ቼንጅ አደረግኩት። ስለ ዳዲ ስካር ነው የምጽፈው።»

ክው አልኩ። መጠጥህን ያወቀችብህ መሰለኝ። ለካ በእንግሊዝኛው ጠባሳህን ማለቷ ነው።

«ዓርብ ሰብሚት አደርገዋለሁ። አይም ሶ ፕራውድ ኦፍ ሂም፣ ማሚ» አለችኝ በአንተ ኮርታ።

እኔን መዋሸት ልማድህ ነበር፤ ለምጄዋለሁ። የሚያስጠላኝ ግን የኔን ዝምታ ጎራዴ አድርገህ ታጥቀህ አደባባይ መውጣትህ ነው። ይባስ ብሎ ልጄ በገዛ ስሟ ልትፈርምበት ነው። ይህን አልፈቅድም።

የምትኖርበት ቤልቪው ከዚህ ሩቅ አይደለም። ከዓርብ በፊት ና፣ ወይ ደውልላትና በራስህ አፍ ንገራት። ካልነገርካት እኔ አለሁ። ብዙም አልደክምም፤ ቃሉን ራሷ ብላዋለች፣ የአማርኛ ትርጉሙን ብቻ ነው የምነግራት።

የሐሴት እናት፣
ዘቢብ