አባባ የበሉት ጎመን

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ለአባባ ጎመን ሠራሁላቸው። ልቤ ግን አላረፈም።

ለልብ ሕመማቸው የሚወስዱት መድኃኒት ደም የሚያቀጥን ነው። ክሊኒክ የምትከታተላቸው ነርስ ቅጠላ ቅጠል መድኃኒቱን እንደሚያዳክመው ነግራኛለች። ከገጠር ወደ ሀዋሳ እኔ ቤት ከመጡ ወዲህ ግን ያቀረብኩላቸውን ሁሉ ቀመስ አድርገው ይገፉታል። ጠዋት ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ ሲበሱ አየኋቸውና አንጀቴ አልችል አለኝ። ሁለት እስር ጎመን ገዝቼ ቀቀልኩ፤ አድቅቄ ከትፌ በትንሽ ቅቤና በኮረሪማ አሸሁት። ከቆጮ ጋር አቀረብኩላቸው።

«ይኼ የእናትሽ እጅ ነው» አሉ። ሳህኑን ጠርገው በሉ። «ጨምሪልኝ» ሲሉኝ ፈራሁ፤ ግን ጨመርኩላቸው።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። ስነሣ ስቀመጥ ቆይቼ ነርሷ ጋ ደወልኩ።

«ጎመን ፈጽሞ አይከለከሉም እኮ» አለችኝ። «የሚጎዳቸው አንዴ ብዙ፣ አንዴ ምንም ሲሆን ነው። ነገ ጠዋት አምጪያቸው፣ ደማቸው ይመርመር።»

ስልኩን ዘግቼ ስወጣ አባባ በረንዳው ላይ ጎረቤቴን ያጫውታሉ። ከመጡ ጀምሮ እንዲህ ሲስቁ አላየሁም። «ልጄ ነገም ጎመን ትሠራልኛለች» ይሏታል።

አይሆንም ለማለት አፌን ከፈትኩ። ግን «ከምርመራው ስንመለስ፣ ጥቂት» አልኳቸው።