ኖሪን ስታብስ፣ የ«ሩቁ ወደብ» ታሪክ ጠባቂ

እሑድ፣ ማርች 4 ቀን 1951 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ወ/ሮ ኖሪን ስታብስ ከአባታቸው ከአቶ ኤልውድ ስታብስና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፐርል በካሊፎርኒያ፣ በቤከርስፊልድ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የነዳጅ ጉድጓድ ሠራተኛ፣ እናታቸው ፀጉር ሠሪ ነበሩ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ጨርሰው ሎስ አንጀለስ በመሄድ የጽሕፈት ሙያ ተማሩ። በ1976 በበርባንክ ከተማ በሚገኝ አንድ የፊልም ስቱዲዮ በጸሐፊነት ተቀጠሩ። በእጃቸው ከተየቡት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ «ሩቁ ወደብ» ነበር። ከምድር ወጥቶ መመለሻው ስለጠፋበት የጠፈር መርከብ የሚተርክ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ነው። ፊልሙ በ1978 ሲታይ የተመልካቹ ሰልፍ ሲኒማ ቤቱን ዞሮ ጫፉ መጀመሪያው ላይ ደርሶ ነበር።

ሁለተኛው ፊልም ሲጻፍ ደራሲዎቹ የረሱትን ሁሉ ኖሪንን ይጠይቁ ጀመር። የመርከቡ አዛዥ የትኛው እጁ ቆስሎ ነበር? ሐኪሟ የየት አገር ሰው ናት? ኖሪን ሁሉንም በቃላቸው ይመልሱ ነበር። ስቱዲዮውም የታሪኩ ጠባቂ አድርጎ ሾማቸው። ከዚያ በኋላ እሳቸው ሳያዩት ወደ ካሜራ የሄደ ገጽ የለም። ባልደረቦቻቸው፣ «ኖሪን ሳይፈቅዱ በዚያ መርከብ ላይ መብራት አይበራም» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ1980 ከመብራት ባለሙያው ከአቶ ሮይ ዳንፎርዝ ጋር ጋብቻ መሥርተው በ1982 ልጃቸውን ክሪስታን ወለዱ። ትዳሩ በ1991 ያለ ጠብ ፈረሰ። አቶ ሮይ ልጃቸውን ይዘው በስተ ሰሜን ርቃ ወደምትገኘው ታኮማ ከተማ ሄዱ፤ ኖሪን ሥራቸውን ትተው መከተል አልቻሉም። ክሪስታ ካደገች በኋላ፣ በ2001 ስምንተኛው ፊልም ሊመረቅ ሲል፣ ኖሪን አብራቸው እንድታይ ስልክ ደወሉላት።

«እማ፣ ይሄን ለመረዳት ስንቱን ማየት አለብኝ?» አለቻቸው።

«ሰባቱንም።»

«እንግዲያው ሌላ ጊዜ» ብላ ሳቀች። ሌላው ጊዜ ግን ቶሎ አልመጣም። ኖሪን ከዚያ ወዲህ አብረን እንይ ብለው መጠየቅ ፈሩ፤ ልጅቱም እናቷ ከመርከቡ ሌላ ወሬ የላቸውም ብላ ስልኩን እያሳጠረች ሄደች።

በ2009 የወጣው ዘጠነኛው ፊልም ስለ ሐኪሟ ሞት ነበር። ደራሲዎቹ መጀመሪያው ላይ ማን እንደነበረች የሚያሳይ አጭር ክፍል ጽፈው ነበር። ኖሪን አስወጡት። «ሠላሳ ዓመት አብሮን የኖረን ተመልካች፣ ይህች ሐኪማችን ናት ብሎ ማስተዋወቅ ንቀት ነው» አሉ። ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት በልማዱ ከመንገድ የተጠሩ ሰዎች በነፃ አዩትና አስተያየት ተጠየቁ። የሠራተኛ ቆብ ያደረገ አንድ ግዙፍ ሰው ተነሣ።

«ተሳስቼ የሰው ለቅሶ ቤት የገባሁ መሰለኝ» አለ። «ከፊቴ ያሉት ሁሉ ይነፋረቃሉ። ማን እንደሞተ የሚነግረኝ ግን አጣሁ።»

አዳራሹ ሳቀ፤ ኖሪንም ሳቁ። የወጣው ክፍል አልተመለሰም።

ፊልሙ በወጣበት ዓርብ የመርከበኛ ልብስ በለበሱ የፊልሙ ወዳጆች አዳራሹ ጢም አለ። ታሪኩን የሚያውቅ ሁሉ የመጣው በዚያው ምሽት ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ ኖሪን ቤታቸው አጠገብ ወዳለው ሲኒማ ብቻቸውን ሄደው ከኋላ ተቀመጡ፤ ከፊታቸው የነበሩት አምስት ሰዎች ናቸው። ጋዜጦች ለፊልሙ መክሰር በማስታወቂያው፣ በወጣበት ወርና በተፎካካሪ ፊልሞች አሳበቡ። ኖሪን ለወንድማቸው ለዱዌይን፣ «ወሬ ነው። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አሉት። በዓመቱ ጡረታ ወጡ።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት በበርባንክ ቤታቸው ብቻቸውን ኖሩ። የፊልሙ ወዳጆች አልፎ አልፎ በራቸውን እያንኳኩ ክርክራቸውን እንዲፈርዱላቸው ይለምኗቸው ነበር። ኖሪን ሁሉንም በትሕትና ያስተናግዱ ነበር። ስለ መርከቡ እንጂ ስለ እሳቸው ጤና የሚጠይቃቸው ግን አልነበረም።

በ2021 አሥረኛውን ለመሥራት የተነሡ ወጣቶች ደውለው፣ «ከድሮው ምኑን እንጠብቅ?» አሏቸው።

«ምኑንም። አዲስ ሰው ሲገባ የሚቀመጥበት ወንበር ብቻ ተዉለት።»

ወጣቶቹ ቀልድ መስሏቸው አመስግነው ዘጉ፤ የድሮዎቹን ፊቶች ሁሉ ሰብስበው መለሷቸው። ፊልሙ በ2022 ክረምት ሲወጣ ኖሪን የጣፊያ ካንሰር ታመው ነበር። ክሪስታ ማንም ሳይጠራት ከታኮማ መጥታ፣ «እማ፣ ተነሺ፣ ሲኒማ እንሂድ» አለቻቸው። ሦስተኛው ሳምንት ነበርና አዳራሹ ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም። መሐል ላይ አንድ ሽማግሌ በር ከፍቶ ሲገባ ሙዚቃው ከፍ አለ፤ ከፊት አንድ ሰው ብቻውን አጨበጨበ።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለች ክሪስታ።

ኖሪን የሰውዬውን እናት ስም ሳይቀር ያውቁ ነበር። ክሪስታ እንደምትለው ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ግን እጇን ይዘው፣ «እኔም አላውቀውም፣ ልጄ። አብረን እንየው» አሏት። እስከ መጨረሻው እጇን አልለቀቁም።

ወ/ሮ ኖሪን ስታብስ እሑድ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 2022 ልጃቸው አጠገባቸው ሆና በተወለዱ በ71 ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ልጃቸው ክሪስታ፣ ወንድማቸው ዱዌይንና ባለቤቱ፣ እንዲሁም ዛሬ በመካከላችን የተገኙት አቶ ሮይ ያዝኑላቸዋል። መንገዱን የማያውቀውን ሁሉ የሚቀበል አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ ለቀሩትም መጽናናትን ይስጥ።

ፊልሙ በአምስተኛው ሳምንት ከአዳራሾች ወርዷል። ክሪስታ ሰውዬው ማን እንደሆነ እስካሁን ማንንም አልጠየቀችም።