አራቱ ጣውላዎችና የጎማው መርገጫ

ለታላቅ እህቴ ለኧርሊን፣

እንደምን ከርመሻል እህት ዓለሜ? ብርዱስ እንዴት አደረጋችሁ? ኔብራስካ ላይ በረዶው እስከ መስኮት ደረሰ ሲባል ስሰማ ያ የወደቅሽበት ዳሌሽ ትዝ አለኝ። ዛሬም ይጠዘጥዝሻል ወይ? የባልሽ የሎይድ ሳል ለቀቀው? የልጅ ልጅሽ ካሪስ ጥርስ አበቀለች? ያቺ አሮጊት ውሻሽ አለች? እኔ በሰውነቴ በኩል ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እንቅልፍም አልነሳኝም። የቀረውን ግን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

በወረቀት የምጽፍልሽ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። እዚህ በምንኖርበት ቤት መኪና ውስጥ የሚደበቁበት ጓዳ የለም። ስደውልልሽ ኬርሚት አጠገቤ ተቀምጦ እያንዳንዷን ቃል ይሰማል፤ ስለ ባል እፊቱ እንዴት ይወራል? ለዚህ ነው ባለፈው «ሁሉ ሰላም ነው» ብዬሽ ቶሎ የዘጋሁት። ሰላም አልነበረም፤ አትቀየሚኝ።

አምና እናንተ ጋ መጥተን የልጆችሽን ስም ሲያምታታ ስቀንበት ነበር። አሁን የሚያምታታው ስም ብቻ አይደለም። ጠዋት ተነስቶ ሸሚዙን ገልብጦ ይለብስና እኔ ሳስተካክልለት ይቆጣኛል። የሚገርመው የመኪናውን ነገር አንዲቱንም አልረሳም። ያጠፋንም እሱ ያልረሳው ነገር ነው።

ይህ መኪና ቆሞ ቤት የሚሆነው አራቱ ክሪኮች ከሆዱ ወርደው መሬት ሲረግጡ እንደሆነ አይተሻል። ካልተስተካከለ ድስቱ ከምድጃው ይንሸራተታል፣ የተኛውም ሰው ተንከባሎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የክሪኩ እግር ብረት ስለሆነ እንዲሁ ከረገጠ የበረሃው ጠጠር ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ ኬርሚት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በደረስንበት ሁሉ በሆዱ ተስቦ ይገባና በየእግሩ ሥር አንዳንድ ጣውላ ያኖራል። እርሻው ሲሸጥ ከአባቱ ጎተራ ወለል ነቅሎ ያመጣቸው ናቸው፤ ጫፋቸውን በስቶ የገመድ ማንጠልጠያ አበጅቶላቸዋል። ከሥር ወጥቶ በመስኮቴ በኩል ይቆምና «አውርጂ!» ሲለኝ ከውስጥ ክሪኮቹን የሚያዘውን መጫኛ በጣቴ እጫናለሁ። ስንነሳም እንዲሁ ነው። «አንሺ!» ይለኛል፣ ክሪኮቹ ይሰበሰባሉ፣ ከዚያ ጣውላዎቹን ይለቅምና «አራት!» ብሎ ይጮኻል። አራት ሳይባል ጎማ አይንቀሳቀስም። እዚህ የቤት መኪናዎች ሰፈር ጣውላውን ረስቶ የሄደ ሰው ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ነው። ኬርሚት አንድ ጊዜ ዩማ ከተማ አጠገብ አንዷን ረስቶ ግማሽ ቀን ወደ ኋላ ነድቶ አምጥቷታል፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ አልተነጋገርንም።

ባለፈው መከር ጉልበቱ ከዳው። ከመኪናው ሥር ገብቶ መውጣት አቃተው፤ እግሩን ይዤ ጎተትኩት። ጎረቤታችን ቨርጂል ጡረታ የወጣ በያጅ ነው፤ እሱ ነው መላውን ያመጣው። ክሪኩ እግር ላይ በብሎን የሚታሰር ወፍራም የጎማ መርገጫ አለ፣ ከክሪኩ ጋር ይወርዳል፣ ከክሪኩ ጋር ይነሳል፣ ማንም ማጎንበስ የለበትም አለኝ። ደስ አለኝ ኧርሊን። በአንድ ጠዋት አራቱንም አሰረልን። ሲጨርስ እጁን እየጠረገ «እንኳን ደስ ያለሽ እመቤት፣ ክሪኮችሽ ጫማ ገዙ!» ብሎ ቀለደ። ኬርሚት «እነሱ ጫማ ገዙ፣ እኔ ከሥራ ተባረርኩ» አለና ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ጣውላዎቹን ልጥላቸው ስል ግን ነጥቆኝ በመኪናው ጎን ወዳለው መሳቢያ ከተታቸው።

እውነት ለመናገር መርገጫው ጥሩ ነው። አይሰምጥም፣ አይንሸራተትም፣ ቤቱም እንደ ድሮው አይንቀጠቀጥም። እቃው ምንም አልበደለኝም። የበደለኝ ያላሰብኩት ነገር ነው። «አውርጂ» ቀረ፣ «አንሺ» ቀረ፣ «አራት» ቀረ። መጫኛውን ደስ ባለኝ ሰዓት መጫን ለመድኩ። ያ ጩኸት ለካ ባሌ የት እንደቆመ የሚነግረኝ እሱ ነበር።

በየካቲት መጀመሪያ ውሃ ልንቀዳና ቆሻሻ ልንደፋ ወደ ከተማ ልንወርድ ተነሳን። የኩባያዎቹን ቁም ሳጥን ቆለፍኩ፣ መስኮት ዘጋሁ፣ መጫኛውን ተጫንኩ። መኪናው እንደ ልማዱ እያቃሰተ ዝቅ ማለት ጀመረ። ቨርጂል ከውጭ «ተይ! ተይ! ሰው አለ! አጥፊው!» ሲል ሰማሁ። ጣቴን ባነሳም ክሪኩ አንዴ ከጀመረ በራሱ ይሰበሰባል፤ ማጥፊያውን አጣሁት፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም። ሲቆም ሮጬ ወጣሁ። የኬርሚት እግሮች ከመኪናው ሥር ይታያሉ። ቨርጂል ስቦ ሲያወጣው ሸሚዙ ከጀርባው ተተርትሮ ነበር፣ ቆዳውም ተልጧል። መኪናው አንድ ጣት ያህል ዝቅ ቢል አልቆለት ነበር። እሱ ግን ስለ ጀርባው ደንታም አልነበረውም። ዓይኑን አፍጦ «ኦፓል፣ አራቱም የሉም! ሰርቀውናል!» አለኝ። ጣውላውን ሊለቅም ነው የገባው። ጎማ እንደታሰረ ረስቷል፤ ጣውላ ሳይለቀም እንደማይነሳ ግን አልረሳም።

ያን ቀን የመኪናውን ቁልፍ ኪሴ ከተትኩ፣ የክሪኩንም ፊውዝ ነቅዬ በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ሸሸግሁ። ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላልንም። ውሃ ቨርጂል በጀሪካን ያመጣልኛል። ወደዚያ ኑ እንዳትይኝ። እኔ ይህን የሚያህል መኪና ነድቼ አላውቅም፣ የግራ ዓይኔም ጨልሟል። ቨርጂል «እኔ እነዳዋለሁ» ብሎ አንድ ቀን የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ኬርሚት ክንዱን ይዞ «ከቤቴ ውረድልኝ» እያለ አለቀሰ። በአርባ ስምንት ዓመት ትዳራችን ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ቨርጂልም አፍሮ ወረደ። እሱም በሚያዝያ መጀመሪያ ይሄዳል። ሙቀቱ መጣ፤ ሰፈሩ እየተመናመነ ነው፣ በየጠዋቱ አንድ ቦታ ባዶ ሆኖ አገኛለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እንዲህ ነው መሰለኝ። ምን ላድርግ ኧርሊን? የማደርገውን አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ አደረግሁ፤ ደግ ይሁን ክፉ አንቺ ፍረጂ። ኬርሚት በየጠዋቱ ከመኪናው ሥር ገብቶ ጣውላዎቹን ሲያጣ፣ ሰፈሩን እየዞረ ጎረቤቱን ሁሉ ሌባ ሲል አንጀቴ አልቻለም። አንድ ቀን ከሰዓት እሱ ሲያሸልብ ጣውላዎቹን ከመሳቢያው አወጣሁና በየክሪኩ አጠገብ፣ ከሥር ሳይገባ እጁ በሚደርስበት፣ አስቀመጥኳቸው። በነጋታው ለቀማቸው። አፈራቸውን እያራገፈ በሙሉ ድምፁ «አራት!» አለ። ፊቱ እንዴት እንደበራ ብታዪ! ገብቶ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ መሪውን ያዘና ቁልፉን ጠበቀ። «ነገ እንሄዳለን» አልኩት። እሺ አለ። ይኸው አምስት ሳምንት ሙሉ ከሰዓት እያስቀመጥኩ፣ ጠዋት እየለቀመ፣ ነገ እንሄዳለን እያልኩ አለን።

ትናንት ግን ሁለተኛዋን ጣውላ አንስቶ ገለበጣት፣ ቆየባት። ወደ ደረጃው መጥቶ አሳየኝ። «ጭነት የተሸከመ ጣውላ መሬት ይነክሳል፣ በእርግጫ ካልሆነ አይነሳም» አለኝ። ድምፁ የድሮው ድምፁ ነበር። «ይቺ እንደ ወረቀት ነው የተነሳችልኝ። ምንም አልተሸከመችም። የምታስቀምጪው አንቺ ነሽ አይደል?» እንባዬን ሲያይ ጣውላዋን በሸሚዙ ጠረጋትና ከሌሎቹ ላይ ደረባት። «አይዞሽ። ነገም አስቀምጪልኝ» አለኝ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መሪውን ያዘ። ቁልፉን ስጪኝ አላለኝም። ወዲያው ደግሞ ረሳው፤ እኔ ግን መርሳት አቃተኝ።

ሎይድን ሳሚልኝ፤ ለሳሉ ማሩን በሙቅ ውሃ ይጠጣ። ካሪስን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ኬርሚት ስሟን ባያውቀውም ፎቶዋን መስታወቱ ላይ ለጥፎታል። ውሻሽንም ዳብሺልኝ። ምክር ካለሽ ጻፊልኝ፤ ከሌለሽም ዝም ብለሽ ጻፊልኝ። አሁን ኬርሚት አሸልቧል፤ ጣውላዎቹን ላስቀምጥለት ልውጣ።

ታናሽሽ ኦፓል

ኳርትዝሳይት፣ አሪዞና
እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2018