አሮጌውን ገጽ አልለቅ ላለው ሰርቨር አለቃ

ለተከበሩ የምትክ ቤት ምዝገባ ድረ ገጽ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዲሰነብት፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲሻገሩም እንቅፋት እንዳያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደምመላሽ እባላለሁ፤ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ባለችኝ ጠባብ የኮምፒውተር ሱቅ ለሰፈሩ ሰው ፎርም እየሞላሁ የምኖር ነኝ። የምጽፍልዎ ስለ ጎረቤቴ ስለ እትዬ የሺ ነው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ያለው ቤታቸው ሊፈርስ ስለሆነ ነገ ዓርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በድረ ገጽዎ ካልተመዘገቡ ምትክ ቤት አያገኙም።

አንደኛ፦ ድረ ገጽዎ ከሰባ ዓመት በላይ የሆነውን ሰው ሁሉ «ዕድሜዎ ትክክል አይደለም» እያለ ይመልሳል። እትዬ የሺ ምናልባት የተሳሳቱት እሳቸው እንደሆኑ ሦስት ጊዜ ጠይቀውኛል።

ሁለተኛ፦ ባለሙያዎ ኢዩኤል ስህተቱን ሰኞ ዕለት አርሞታል፤ እሱስ ይባረክ። ነገር ግን ሰርቨሩ የገጹን ኮድ አንዴ አንብቦ ከተረጎመ በኋላ ትርጉሙን ሚሞሪው ውስጥ ያስቀምጥና ለመጣው ሰው ሁሉ ያንኑ ያቀርባል። ይህ ሥራ ያፈጥናል፤ አልቃወምም። እርስዎ ግን ይበልጥ እንዲፈጥን ብለው ኮዱ መቀየሩን ጭራሽ እንዳያይ ስላዘዙት፣ የታረመው ዲስኩ ላይ ተጋድሞ ማሽኑ የተሳሳተውን ይደጋግማል። በዚያ ላይ ሚሞሪው ለየበዓሉ በተሠሩ የእንኳን አደረሳችሁ ገጾችዎ ተጣቦ ስላለቀ፣ አዲስ ገጽ ቦታ አጥቶ በተጠየቀ ቁጥር እንደገና ይተረጎማል። ፈጠነ የተባለው እንግዲህ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የባሰው ነው። ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ሚሞሪውን ባዶ አድርጎ የታረመውን ኮድ ያስነብበው ነበር፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። በመሥሪያ ቤትዎ ግን ሰርቨር ቋሚ ንብረት በመሆኑ፣ ማጥፋቱ ንብረት እንደ ማንቀሳቀስ ተቆጥሮ የሦስት ኃላፊዎች ፊርማና ማህተም ይጠይቃል ተባልን። ሁለቱ ፈርመዋል። ሦስተኛው እርስዎ ነዎት፤ እርስዎም ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ ሆቴል ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት ሥልጠና እየወሰዱ ነው። እትዬ የሺ ሆቴሉ በር ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ቆመው ጠበቁዎት፤ በመኪና አለፏቸው። ኧረ ያስጠላል!

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ይቅርታ፣ ስለ ትዕግሥታችን እያመሰገንኩ፣ ብዕርዎ ከኪስዎ እስኪወጣ ድረስ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣

ደምመላሽ፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ

በድጋሚ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው ዓርብ አለፈ። ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን «ምዝገባው ተጠናቋል» የሚል አዲስ ገጽ ወጣ። ኢዩኤልን ብጠይቀው፣ በእርስዎ የስልክ ትእዛዝ ማሽኑ ጠፍቶ እንደበራ ነገረኝ፤ ፊርማም ማህተምም አላስፈለገም። ገጹን ለእትዬ የሺ አሳየኋቸው። ፍጥነቱ ግሩም ነው፤ ገና ሳልነካው ተከፈተ።