የክዳኑ ቅብ

ሰኞ

ሰረቀኝ! ሌላ ቃል የለኝም። በምንሠራበት ጋራዥ ስብሰባ ደረጀ ተነሥቶ «የነሐስ ማቅለጫ ምድጃውን አዲስ ክዳን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። ሥራ አስኪያጁ «ጎበዝ፣ ጓድ ደረጀ!» ብሎ አጨበጨበ። እኔም ሳላውቀው አብሬ ላጨበጭብ ነበር። ጅል!

የክዳኑ ጭቃ ውስጥ ከተቃጠለ ጎማ የወጣ ሽቦ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሽቦው ክዳኑን አስሮ ይይዘዋል፤ ግን ጭቃው ሲግል ተሰንጥቆ አየር ካስገባ ሽቦው ዝጎ ይረግፋል። ስንቱ ፈረሰብኝ! በኋላ የተፈጨ ጠርሙስ ቀባሁት፤ በሙቀት ቀልጦ ስንጥቁን ደፈነልኝ። ያን ቀን እጄን ይዞ የጨፈረው ደረጀ ነው። ልንጋባ የተስማማነው ደረጀ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ማክሰኞ

ሮቤ ገበያ አገኘሁት። ዓይኑን በጨው አጥቦ «ያንቺ የኔ አይደል? ስንጋባ ሁሉም የጋራ ነው» አለኝ። በክዳኑ ምክንያት አዲስ አበባ ለሥልጠና የሚላከውም እሱ ነው። ሥልጠናውንም በጋራ እንማረው ይሆን? ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለእማማ ሽንኩርት ነው አልኳት።

ረቡዕ

ደረጀ ቅዳሜ ከጎባ ለሚመጡ እንግዶች የሚያሳየውን ሌላ ክዳን ሞከረ። ቅቡ እንደ ድንች ልጣጭ ተላጠ። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

በር ላይ ጠብቆ «ከሥር የምትቀቢው ምንድን ነው?» አለኝ። ሳልነግረው አልፌው ሄድኩ። ይዋረድ!

ሐሙስ

ክዳኑን በሰንሰለት የሚያነሡት ጋሽ ከድር ናቸው። ክዳኑ ከፈረሰ የቀለጠው ነሐስ የሚረጨው እሳቸው ላይ ነው። ጠዋት «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ሆነሻል?» ሲሉኝ አንጀቴ አልቻለም።

ሄጄ ለደረጀ ነገርኩት። መጀመሪያ ነጭ አፈር በስሱ፣ ሲደርቅ ጠርሙሱ፣ እሳቱም ቀስ ብሎ። «እንደማትጨክኚ አውቅ ነበር» አለና ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ጠላኋት።

ቅዳሜ

ክዳኑ ያዘ። ጋሽ ከድር ደህና ናቸው፣ ተመስገን። እንግዶቹ ደረጀን ጨበጡት። ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም።

እሑድ

ሽማግሌ ላከ! ምን ዓይነት ድፍረት ነው? አባባ ጠርተውኝ «ምን ትያለሽ?» አሉኝ። «አልፈልግም» አልኩ። ሽማግሌዎቹ «ምን አጠፋ?» ሲሉኝ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንዱ ሽማግሌ ሳቁ። «ለጭቃ ተብሎ ትዳር እምቢ ይባላል?»

አባባ ተነሥተው «እምቢ ብላለች፣ እንግዲህ ምን ላድርግ?» ብለው ሸኟቸው።

እማማ እስካሁን አላናገረችኝም። ደግ አደረግሁ ወይስ ተበላሸሁ፣ እንጃ። እሱን አሁንም እወደዋለሁ መሰለኝ፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ይህን ስጽፍ አባባ ገብተው ቆሙ። «ጠርሙሱን በምንድን ነው የምትፈጪው?»

«በድንጋይ፣ አባባ።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አሉኝ።