መስኮቱ ስር የዳኑት

ውድ የቀድሞ እጮኛዬ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል መጀመር ስለማላውቅበት ነው፤ ልብህ እንዳያብጥ።

«በግል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» ብለህ በእህትህ በኩል ልከህብኛል። ነግሬህ ነበር እኮ። ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ በአንድ የአልትራቫዮሌት መብራት ስንመታ የእኔዎቹ አለቁ፣ ያንተዎቹ ግን አገገሙ። ጨረር የማይበግረው አዲስ ዝርያ አገኘሁ ብለህ ፈነጠዝክ። «ቆይ፣ አንድ ነገር ልክ አይደለም፤ አብረን እንድገመው» ስልህ ሳቅክብኝ፤ «ቅናት ነው» አልከኝ። ይባስ ብለህ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ለኃላፊያችን፣ «እጇ ዝርክርክ ነው፤ የገደለቻቸው ራሷ ናት» አልካቸው። ቀለበትህን ያጠለቅሁበትን እጅ ነበር የሰደብከው።

እኔ ዕቃ ማጠቢያ ክፍል ተወረወርኩ፤ አንተ ለሽልማት ታጨህ። እናቴ «ተይው ልጄ፣ ለፈጣሪ ስጪው» አለችኝ። «ፈጣሪ ብዙ ሥራ አለበት፤ ይሄን እኔ እይዘዋለሁ» አልኳት።

ሰው ምሳ ሲወጣ እየጠበቅሁ ሙከራውን ደጋገምኩት። ጨረሩ የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ይጎዳል፤ ጎን ለጎን ያሉትን ፊደሎቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ባክቴሪያው ደግሞ የተጣበቀውን የሚያላቅቅ ኢንዛይም አለው፤ የሚሠራው ግን ብርሃን ሲያገኝ ነው። በጨለማም የሚጠግንበት ሌላ መንገድ አያጣም፤ ጉዳቱ ሲበዛ ግን አይደርስለትም። እኔ ባክቴሪያው የሚያድግባቸውን ሳህኖቼን ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ እከታለሁ፣ አንተ መስኮት ስር ትደረድራለህ። አዲስ ዝርያ የሚባል ነገር የለም። የጠገነችልህ ፀሐይ ናት። ይሄ ደግሞ ድሮ የታወቀ ነገር ነው፤ መጽሐፍ ብትገልጥ ታገኘው ነበር።

በሽልማቱ ውድድር ቀን አዳራሹ ሞልቶ ስለ ግኝትህ ስታወራ እጄን አወጣሁ።

«ከጨረሩ በኋላ ሳህኖቹን የት አስቀመጥካቸው?»

«መስኮቱ ስር። ምን ችግር አለው?» አልክ ፈገግ ብለህ።

በጨረሩ መትቼ ከብርሃን የሸፈንኳቸውንና ያልሸፈንኳቸውን ሳህኖች ይዤ ወጥቼ ለዳኞቹ አሳየኋቸው፤ የተሸፈኑት አልቀዋል፣ ያልተሸፈኑት ድነዋል። ፊትህ አመድ ሲመስል አየሁ። ደስ አለኝ። እስካሁንም ትዝ ባለኝ ቁጥር ምግቤ ይጣፍጠኛል። ኃላፊያችንም ከማጠቢያው አውጥተው ያንተን ጠረጴዛ ሰጡኝ።

እህትህን ለይቅርታ አትላክብኝ፤ እሷ ምን በወጣት። ያዋረድከኝ በሰው ፊት ነው፤ ያንኑ ሠራተኛ ሰብስበህ በሰው ፊት ጠይቀኝ። እሺ እንደምልህ ግን ቃል አልገባም።

ገና ያልበረደላት